ከቢጫው መስመር ውጪ

ኤልያብን ያገኙት የወደቀ ማንጎ ሊለቅሙ ወደ ሆሞሻ መንገድ ማልደው የወጡ ሴቶች ናቸው። በግንቦት የአሶሳ ማንጎ ለሰውም ለጦጣም ይተርፋል፤ የዚያን ቀን ግን ከዛፉ ሥር የጠበቃቸው ሌላ ነገር ነበር። ኤልያብ በፊቱ ተደፍቷል። አንገቱና ጀርባው በገጀራ ተተልትሏል፤ የራስ ቅሉ ከኋላ በኩል ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። ዝንቡ የበሰበሰውን ማንጎ ትቶ እሱ ላይ ሰፍሯል።

ኢንስፔክተር የሺሀረግ ስትደርስ አስከሬኑን የሚጠብቀው ሚሊሺያ በቅጠል ዝንቡን ያባርራል። እሷ ጥርሷን ነክሳ ጎንበስ አለች። የፓዌ ልጅ ናት፤ ወላጆቿ በድርቁ ዘመን ከወሎ በጭነት መኪና መጥተው የሰፈሩ። ክልሉ የተመሠረተው እሷ ከተወለደች በኋላ ስለሆነ «ታናሽ ወንድሜ» ትለዋለች፤ ታናሽ ወንድም ደግሞ ቢያናድድም አይጣልም። እንዲህ ያለ ጉድ ሲያመጣባት ግን በጥፊ ብትለው ደስታዋ ነው።

«ሳጅን፣ ገልበጥ አድርገው እስቲ።»

ሳጅን ደባልቄ አብሯት ብዙ ዓመት የሠራ፣ ከአፉ ቀልድ የማይጠፋ ሰው ነው። የዚያን ቀን ቀልዱ ጠፋበት። ሬሳውን ሲያገላብጠው ከሆዱ ሥር ስልክ ወጣ፤ መስታወቱ ተሰነጣጥቋል እንጂ ይሠራል። ሲበራ ካርታ ላይ ነው የተከፈተው። ከሥር ከሰማይ የተነሳ የመሬት ፎቶ አለ፤ በፎቶው ላይ የየሰዉን ይዞታ የሚከልል ቢጫ መስመር ተደርቧል፤ በስክሪኑ መሐል ትንሽ የመደመር ምልክት ተቀምጣለች።

ኤልያብ «አረንጓዴ ይዞታ» በሚባል ፕሮጀክት ውስጥ መሬት መዝጋቢ ነበር። ሥራቸው ማሳው ድረስ ሄዶ፣ የመደመር ምልክቷን ቦታው ላይ አድርጎ፣ «መዝግብ» የሚለውን መጫን ነው። የመጨረሻዋ ቀይ ነጥብ ትናንት ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የተመዘገበች ናት። የባለይዞታው ስም አልተጻፈም።

ደባልቄ ስልኩን አስጠግቶ አየ። «ይኼ ቢጫ የኻሚስ ይዞታ ነው፤ ስሙ ተጽፏል። ነጥቧ ግን ከመስመሩ ውጪ ናት። 'ክፍት ቦታ' የሚለው ላይ ነው ያረፈችው።»

«እና?»

«እናማ የኻሚስን ማንጎ ክፍት ቦታ ነው ብሎ ሊመዘግብበት ነው የመጣው! ባለፈው ቅዳሜ ኻሚስ ገበያ መሐል ቆሞ 'ማንጎዬን የነካ አንገቱን እቆርጣለሁ' ሲል እኔም ሰምቼዋለሁ።»

የሺሀረግ የተቆረጠውን አንገት አየች። ነገር ልክክ ብሎ ሲገጥም ደስ አይላትም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አለችና ተነሳች። «ና፣ ኻሚስ ቤት እንሂድ።»

ኻሚስ ቤቱ ከማንጎዎቹ በታች ካለችው ወንዝ ማዶ ነው። ጎልማሳ፣ ረጅም፣ አማርኛን በገበያ የለመደ፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ የበርታ ሰው ነው። ፖሊስ ሲያይ አልሮጠም። ከደጁ ጥግ ግን ደም የደረቀበት ገጀራ ተደግፎ ቆሟል። ደባልቄ በጨርቅ ይዞ ሲያነሳው ኻሚስ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ፍየል ነው» አለ። «ወላሂ፣ የፍየል ደም ነው።»

«ገበያ ላይ ምን ነበር ያልከው?»

«እብነ በረድ የሚቆፍሩ ሰዎች መጡ። ስልክ አሳየኝ፤ 'ይኼ ማንጎ የእኛ ነው፣ መንግሥት ሰጠን' አለ። እኔ ተናደደ። ኤልያብ ግን ጥሩ ሰው ነው። 'እኔ መጥቼ አስተካክላለሁ' አለኝ። እኔ ቤት ሆኖ ጠበቀ። እሱ አልመጣም።»

ሚስቱ ሀምዲያ ከውስጥ ወጣች። የሺሀረግን በክንዷ ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደቻት፤ ገና ያልደረቀ የፍየል ቆዳ ግድግዳው ላይ ተወጥሯል።

«አንተ አየህ? እንግዳ ይመጣል ተባለ፣ ፍየል አረድን» አለቻት፣ ሴትና ወንድ በማይለይ አማርኛ። «እንግዳው ሞተ። አሁን ሥጋውን ማን ይበላል?»

የሺሀረግ ልቧ ተነካ። ቢሆንም ኻሚስን ይዛው ሄደች። ገጀራው፣ ዛቻው፣ ነጥቧ፤ ሦስቱ ተደርድረው ሳለ ትታው ብትሄድ የሟቹ ወገኖች እሱኑ እቤቱ ያርዱት ነበር።

ሆስፒታሉ ውስጥ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ ነገራት። «የገደለው ገጀራ አይደለም። ማጅራቱን በከባድ ብረት ነው የተመታው፤ ጠርዙ አራት ማዕዘን ነው። ሁለቴ ወይ ሦስቴ። ገጀራው የመጣው በኋላ ነው።»

«በምን አወቅህ?»

«ቁስሎቹ አልደሙም። የሞተ ሰው አይደማም፣ ኢንስፔክተር።»

በንዴት ያበደ ሰው ሬሳም ይቆርጣል፤ ይህን አይታለች። ይኼኛው ግን አንድን ሰው ገድሎ ሌላ ሰው እንዲጠረጠር የደከመ ይመስላል። ማን ነው እንዲህ ደመ ቀዝቃዛ?

የፕሮጀክቱ አስተባባሪ ወይዘሮ ብዙወርቅ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። እያለቀሰችም ቢሆን ሟቹን ከማማት አልተመለሰችም። «ነፍሱን ይማረውና፣ ሥራው ትንሽ ጠመም ያለ ነበር። ነጥቦቹ ሁሉ ከመስመር ይወጡ ነበር። ስንት ጊዜ ቆጣሁት! 'ጌትነትን አታይም?' እለዋለሁ። የጌትነት ነጥብ መሐል ለመሐል ነው፤ ተይው። በዚህ ወር እሱኑ የቡድን መሪ አደረግነው።»

ጌትነት ራሱ ግቢው ውስጥ ሞተር ሳይክሉን እያጠበ ነበር። ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ፣ ንግግሩ የለሰለሰ ጎረምሳ ነው። እጁን አድርቆ በሁለት እጁ ጨበጣት።

«ኢንስፔክተር፣ እኔ አልቅሼም አልወጣልኝ። ወንድሜ ነበር።»

«ትናንት ከሰዓት የት ነበርክ?»

«ከባምባሲ ማዶ፣ ዳቡስ ዳር። ይኸው ይዩት።» ስልኩን ከፍቶ አሳያት። ከስምንት ተኩል እስከ ዘጠኝ ሰዓት የተመዘገቡ ሦስት ነጥቦች፣ ሦስቱም የቢጫው መስመር እምብርት ላይ ተቀምጠዋል። «ከዚያ ተነስቶ ሆሞሻ መንገድ ለመድረስ ሰው ክንፍ ያስፈልገዋል።»

እውነቱን ነው። ዳቡስና የኻሚስ ማንጎ ከከተማው ወዲህና ወዲያ ናቸው። የሺሀረግ ስልኩን መለሰችለት። ዓይኗ ግን ግድግዳው ላይ ወደተሰቀሉት የሥራ ቦርሳዎች ሄደ፤ ከእያንዳንዱ ቦርሳ የችካል መምቻ መዶሻ እጀታ ብቅ ብሏል። የሌሎቹ እጀታ በላብ ጠቁሯል። የጌትነት ነጭ ነው፣ አዲስ።

«መዶሻህን ቀየርክ?»

«እጀታው ተሰብሮ ነው» አለ ፈገግ ብሎ። «ዳቡስ ዳር ድንጋይ ብቻ ነው።»

አዲስ እጀታ ማስገባት ወንጀል አይደለም። ደግሞም ሰው በአንድ ሰዓት ሁለት ቦታ አይገኝም። የጌትነት ስልክ የት እንደነበረ ከኔትወርክ ማማዎቹ ለማጣራት ወደ አዲስ አበባ ተጽፎ ነበር፤ መልሱ ሳምንታት ይፈጃል። ኻሚስ ደግሞ ሳምንታት አልነበሩትም።

ከቀብር መልስ ሕዝቡ ወደየቤቱ አልሄደም፤ ጣቢያው በር ላይ ከተመ። ከፊት የቆመው የሟቹ ታላቅ ወንድም ቢሻው ነው፤ ነጠላውን አሸርጦ፣ ፊቱ በለቅሶ ተቧጥጦ።

«ስጪን!» አለ። «ገዳዩን ስጪን፣ የሺሀረግ!»

«ገዳዩን ገና አላገኘሁትም።»

«አንቺ! ያባትሽና ያባቴ ከወሎ የመጡበት መኪና አንድ ነበር። እዚህ አገር እኩል ነው የተጣልነው። የኔ ወንድም እንደ በግ ሲታረድ አንቺ ላረደው ዘብ ትቆሚያለሽ?»

ድንጋይ መጣ። የደባልቄን ግንባር ፈነከተው። ሌላው መስኮቱን ሰበረ። ከውስጥ እስር ክፍሉ ሆኖ ኻሚስ በአረብኛ ይጸልያል። የሺሀረግ ሽጉጧን አውጥታ ወደ ሰማይ ተኮሰች፤ ሕዝቡ እንደ ማዕበል ወደ ኋላ አለ።

«ቢሻው፣ ስማኝ። እስከ ነገ ማታ ስጠኝ። ወንድምህን የገደለውን በስሙ እነግርሃለሁ። ንጹሕ ሰው ብትገድል ግን ኤልያብን ሁለተኛ ጊዜ ነው የምትቀብረው።»

«እስከ ነገ ማታ» አለ ቢሻው፤ ምራቁን መሬት ላይ ተፍቶ። «ከዚያ በኋላ ጥይትሽም አይመልሰንም።» አዛዡም በስልክ ያላት ያንኑ ነው፤ እስከ ነገ ማታ ሌላ ሰው ካላመጣች የኻሚስ መዝገብ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። በፖሊስ አጅበው ሲያወጡት ደግሞ በሩ ላይ ምን እንደሚጠብቀው አሳምራ ታውቃለች።

በማግስቱ ጠዋት ብቻዋን ማንጎዎቹ ሥር ሄደች። የኤልያብን ስልክ ይዛለች። ደሙ ጠቁሮ ጉንዳን ወርሶታል። አንዱን ግንድ ተደግፋ «ያለሁበት» የሚለውን ምልክት ነካች። ካርታው ተንሸራቶ መሐል አመጣት፤ ሰማያዊ ነጥብ ሆና ታየች፤ ከኻሚስ ቢጫ መስመር ውጪ፣ ክፍት ቦታው ላይ።

«አብደሃል እንዴ?» አለችው ስልኩን። ጀርባዋ የኻሚስን ማንጎ ግንድ ተደግፏል። እጇ ላይ ሙጫው አለ። ስልኩ ግን ባዶ ሜዳ ላይ ቆመሻል ይላታል።

ዞር ብላ አንድ ሁለት የእግር ኳስ ሜዳ ያህል ወደ ምሥራቅ ሄደች። ሰማያዊዋ ነጥብ አብራት ሄደች፤ በመጨረሻ የኻሚስ መስመር ውስጥ ገባች። የሺሀረግ ቀና ብላ ዙሪያዋን ቃኘች። ማንጎ የለም። ድንጋይና ሳር ብቻ ነው።

ያኔ ፎቶውን በሁለት ጣቷ ዘርጋ ዘርጋ እያደረገች አጎላችው። ከሩቅ ሲታይ ቢጫው መስመር ከመሬቱ ጋር የተጣበቀ ይመስላል። ሲቀርብ ግን እንደ ሰው ጋቢ ተንሸራቷል። መስመሩን ያወጡት ከድሮ የወረቀት ካርታ ነው፤ የድሮው ልክና የስልኩ ልክ አይገጣጠሙም። በጠቅላላው ወደ ምሥራቅ ሸሽቷል። ማንም አላየውም፤ ቢሮ ውስጥ ሁሉም ካርታውን የሚያየው ከሩቅ ነውና።

የኤልያብን የቀድሞ ነጥቦች ከፈተቻቸው። ሁሉም ከመስመሩ ውጪ ናቸው፤ ሁሉም በአንድ ወገን፣ ሁሉም በአንድ ርቀት። ቢጫውን አጥፍታ ፎቶውን ብቻ ስታስቀር እያንዳንዷ ነጥብ እውነተኛ ማሳ ላይ አረፈች። በእግሩ ሄዷል። ጠማማ የተባለው ልጅ አንድም ቦታ አልዋሸም።

የሺሀረግ እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ወይዘሮ ብዙወርቅ ያለቻት በጆሮዋ መጣ፤ የጌትነት ነጥብ መሐል ለመሐል ነው።

ለደባልቄ ደወለች። «ሳጅን፣ ጌትነትን ከነሥራ ዕቃው መኪና ላይ ጫንልኝ። ዳቡስ ድረስ ቦታውን እንዲያሳየን ብቻ ነው በለው። ቦርሳውን አንተ ያዝ።»

ዳቡስ በመጀመሪያው ዝናብ ደፍርሶ ሞልቷል። ጌትነት መንገዱን ሁሉ ሲጫወት ነው የመጣው፤ ስለ ባምባሲ ሙቀት፣ ስለ አዲስ አበባ ኳስ። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ወረደና እጁን ዘረጋ።

«ይኸው፣ እዚህ አካባቢ ነበርኩ።»

«አካባቢ አይበቃኝም» አለች የሺሀረግ። «ስልክህን ክፈት። ሰማያዊዋ ነጥብ ያኔ የመዘገብካት ቀይ ነጥብ ላይ እስክትደርስ ሂድ።»

ሳቀ። ሄደ። በሸንበቆው መሐል፣ በጭቃው ላይ። ነጥቦቹ ተቀራረቡ፤ አልተገናኙም። ዳሩ አለቀ። ከፊቱ የሚጮኸው ቡናማ ውሃ ነው።

«ቀጥል እንጂ» አለችው።

«ጂፒኤሱ ነው፤ አንዳንዴ ይስታል።»

«የኤልያብ ጂፒኤስ አንድም ቀን አልሳተም። ቢጫውን አጥፋና አጉላው እስቲ። የት ላይ ነው የቆምከው?»

ጌትነት አላጎላም። አጉልታ ያሳየችው እሷ ናት። ቀይዋ ነጥብ የዳቡስ ወንዝ መሐል ላይ፣ አረፋ ላይ ተቀምጣለች።

«ማሳው ላይ አልቆምክም። ሌላ ቦታ ቁጭ ብለህ ካርታውን በጣትህ ጎተትከው። የመደመር ምልክቷን መስመሩ መሐል አደረግክና 'መዝግብ' አልክ። ስልኩ አንተ ያለህበትን አይመዘግብም፤ ምልክቷ ያለችበትን ነው። ሁልጊዜም የምትሠራው እንዲሁ ነው፤ ያለዚያማ ነጥቦችህ እንደ ኤልያብ ይወጡ ነበር። የኻሚስንም ማንጎ 'ክፍት ቦታ' ብለህ ለእብነ በረድ ሰዎች የሰጠኸው ሳትረግጠው ነው። ኤልያብ ደረሰበት። ለአስተባባሪዋ አሳያለሁ ሳይልህ አልቀረም። ገድለኸው ስታበቃ፣ ገበያ ላይ የተሰማውን የኻሚስን ዛቻ አስበህ አንገቱን በገጀራ ተለተልከው።»

«ይኼ ማስረጃ አይሆንም።»

«ሳጅን፣ መዶሻውን።»

ደባልቄ መዶሻውን ከቦርሳው አውጥቶ አቀበላት። እጀታውን ድንጋይ ላይ ሁለት ጊዜ መታችው፤ እንጨቱ ከብረቱ ቀዳዳ ወለቀ። በቀዳዳው ውስጥ ቡናማ ነገር ተጋግሯል፤ አንድ ሁለት አጭር ጠጉርም አለበት።

«እጀታውን ቀየርክ» አለች። «ብረቱን ግን ከላይ ብቻ ነው ያጠብከው።»

ፈገግታው ከፊቱ ላይ ወደቀ። ዘለለባት። ተያይዘው ከዳሩ ተንከባለሉ፤ ውሃው ዋጣቸው። ጣቶቹ ጉሮሮዋን ይዘዋል። ጭንቅላቷን ወደ ታች ደፈቃት፤ አፏ በጭቃ ውሃ ሞላ፤ ዓይኗ ጨለመ። ፊቱን ቧጠጠችው፤ አልለቀቀም። ሞትኩ አለች በልቧ፤ ኻሚስም አብሮኝ ሞተ።

ከዚያ አንድ ነገር ቀጭ ሲል ተሰማትና እጁ ላላ። ደባልቄ እስከ ወገቡ ውሃ ገብቶ የጠመንጃውን ሰደፍ የጌትነት መንጋጋ ላይ አሳርፎ ነበር። ደገመው። ሦስተኛውን ሊያነሳ ሲል እየሳለች እጁን ያዘችው።

«ተው... በሕይወት ነው የምፈልገው።»

ጌትነት ዳሩ ላይ በካቴና ታስሮ የተሰበረ ጥርሱን ከደም ጋር ተፋ። «ተወው እንጂ ብዬ ለምኜው ነበር» አለ። «ካርታውን ማንም አያጎላውም አልኩት። አሥር ዓመት ቢያልፍም ማንም አያጎላውም ነበር። እሱ ግን እምቢ አለ።»

«የዳቡስን ነጥቦች የት ሆነህ ነው የመዘገብካቸው?»

«እዚያው» አለ። «ማንጎው ሥር። እስኪመጣ ስጠብቀው።»

ወደ አሶሳ ሲመለሱ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። ከሆሞሻ መንገድ በኩል ግን ጭስ ይታያል። የሺሀረግ ገባት፤ ሾፌሩን «ንዳው!» ብላ ጮኸች።

ቢሻው እስከ ማታ አልጠበቀም። ጣቢያውን አልደፈረም፤ ኻሚስ ቤት ግን ጠባቂ አልነበረውም። ሀምዲያን ጎረቤቶቿ አስቀድመው አሽሽተዋታል፤ ጎጆው ተቃጥሎ ምሰሶው ብቻ ይጨሳል። ማንጎዎቹ ደግሞ አንድም ሳይቀር ተቆርጠዋል። ፍሬ እንደተሸከሙ ነው የወደቁት፤ ያልበሰለው ማንጎ በኤልያብ ደም ላይ ተበትኗል። ቢሻው በመጨረሻው ጉቶ አጠገብ መጥረቢያውን ይዞ ቆሟል፤ የቀሩት ሰዎች ፖሊስ ሲያዩ ተበተኑ።

የሺሀረግ ከእግሯ እስከ ራሷ ጭቃ ናት። አንገቷ ላይ የጣት ምልክት አለ። አልጮኸችበትም። የተሰነጠቀውን ስልክ ከደባልቄ ተቀብላ ዓይኑ ሥር አደረገችለት።

«ወንድምህ ለመጨረሻ ጊዜ የቆመው እዚህ ላይ ነው።» ቢጫውን መስመር አጠፋችው። በሁለት ጣቷ አጎላች። ቀይዋ ነጥብ በአረንጓዴው ቅጠል መሐል ቁልጭ ብላ ወጣች። «የእነዚህ ማንጎዎች ባለቤት ኻሚስ ነው ብሎ ሊመዘግብ መጣ። ይህን እንዳይመዘግብ ነው ጌትነት የገደለው። ስሙን ለመጻፍ ጊዜ አላገኘም።»

ቢሻው ስልኩን አየ። ዛፎቹን አየ። መጥረቢያው ከእጁ ወደቀ፤ እሱም ተከትሎት መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ሴቶች ሬሳ ላይ እንደሚያለቅሱት ደረቱን እየደቃ አለቀሰ። የሺሀረግም አለቀሰች። እልህ ነው፣ ሐዘን ነው፣ ራሷም አለየችውም። ስትጨርስ ግን በቤት ማቃጠል ያዘችው።

ኻሚስ በማግስቱ ተፈታ። ማንጎውን ካላየሁ አለ፤ ይዛው ሄደች። ቢሻውም ጉዳቱን ቦታው ላይ እንዲያሳይ በካቴና መጥቷል። ኻሚስ በጉቶዎቹ መሐል አንድ በአንድ እየቆመ አለፈ። አባቱ የተከሏቸው ነበሩ። ከዚያ ስልኩን ጠየቃት፤ ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየው።

«እዚህ ውስጥ አለ» አለ በዝግታ። «እዚህ መሬት ላይ የለም።»

ኻሚስ ወደ ቢሻው ሄደ። ደባልቄ ተጠጋ፤ የሺሀረግ በዓይኗ ተው አለችው። ኻሚስ ግን እጁን ለዱላ አላነሳም። ስልኩን በካቴና በታሰረው እጅ ላይ አስቀመጠለት።

«ወንድምህ ስም አልጨረሰም» አለው። «አንተ ጻፍ።»

ስልኩ የፍርድ ቤት ማስረጃ ነው፤ መነካት አልነበረበትም። የሺሀረግ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። ቢሻው በሙጫ በጠቆረ ጣቱ፣ እየተሳሳተና እያጠፋ፣ «ኻሚስ» ብሎ ጻፈ። ከስሙ ቀጥሎ «በመሬቱ ላይ ያለው» የሚል ባዶ ቦታ መጣ። ቢሻው ቀና ብሎ ጉቶዎቹን አየ፤ ኻሚስን አየ፤ ከዚያ አንገቱን ደፍቶ «ማንጎ» ብሎ ጻፈ።